ኤምቢአር የፍሳሽ ማጣሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ ኤምቢአር ለማስተከል ለሚያስቡ፣ ተተክሎ ለተረከቡ ወይም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሚፈልጉ ነው። አንዳንዱ ጥያቄ አጭር መልስ ይበቃዋል። ፍሳሹ ወደ ገንዳ ከመግባቱ በፊት ስለሚያልፍበት ወንፊትና ስለ ሜምብሬን መደፈን ግን ሰፋ አድርጌ ጽፌያለሁ። ብዙ ጣቢያዎች የሚቸገሩት እዚያ ላይ ነው።

ኤምቢአር ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ ሜምብሬን ባዮሪአክተር ነው። በአንድ ገንዳ ወይም በተያያዙ ገንዳዎች ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል። በመጀመሪያ አየር እየተነፋላቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ይበላሉ። ከዚያ ሜምብሬን የተባለው እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ውሃውን አሳልፎ ባክቴሪያዎቹን እዚያው ያስቀራል።

ቆሻሻውን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። የሜምብሬኑ ሥራ መለየት ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ችግር ሲመጣ ግን ጥቅሙ ይታያል። የሚወጣው ውሃ አሞኒያው ሲጨምር ወይም ሲሸት ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ሜምብሬኑ ይቀስራል። አሞኒያ ግን የሟሟ ነገር ስለሆነ ጤነኛውንም ሜምብሬን ያልፋል። የታመሙት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። አየር አንሷቸዋል፣ መርዛማ ነገር ገብቶባቸዋል፣ ወይም ዝቃጩ (ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበት ጭቃ መሰል ነገር) ከልክ በላይ ተወግዶ ቁጥራቸው ተመናምኗል።

ከተለመደው ማጣሪያ በምን ይለያል?

የተለመደው ዘዴ አክቲቬትድ ስላጅ ይባላል። ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት እ.ኤ.አ. በ1914 ማንቸስተር ላይ ይፋ ያደረጉት ሲሆን ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል። ባክቴሪያዎቹ በአየር ገንዳ ውስጥ ይመገባሉ። ከዚያ ድብልቁ ወደ ማዝቀጫ ገንዳ ይሄዳል። እዚያ ዝቃጩ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፣ የጠራው ውሃ ከላይ ሞልቶ ይፈሳል።

ጣጣው ዝቃጩ አልወርድም ያለ ቀን ነው። ክር መሰል ባክቴሪያዎች ሲበዙ ዝቃጩ ያብጥና ሳይወርድ ይቀራል፤ ከጠራው ውሃ ጋርም ተያይዞ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ጣቢያው ሳምንታት ሙሉ ሊታመስ ይችላል።

ኤምቢአር ማዝቀጫ ገንዳውን ጨርሶ ያስቀረዋል። ዝቃጩ ወረደም አልወረደም ሜምብሬኑን አያልፍም። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ባክቴሪያዎቹን አብዝቶ መያዝ ይቻላል። በተለመደው ዘዴ በአንድ ሊትር ድብልቅ ውስጥ ከ2,000 እስከ 4,000 ሚሊግራም ገደማ ዝቃጭ ይኖራል። ኤምቢአር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ8,000 እስከ 12,000 ነው። ስለዚህ ገንዳው ያንሳል፣ ቦታ ይቆጠባል።

ሁለተኛው ለእኔ ይበልጣል። አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች የሚባዙት በጣም በዝግታ ነው። በተለመደው ጣቢያ በቂ ሳይባዙ ታጥበው ሊወጡ ይችላሉ። እዚህ ግን ማምለጫ የላቸውም። ዝቃጩ ገንዳ ውስጥ 15፣ 20፣ አንዳንዴም ከ30 ቀን በላይ ስለሚቆይ ተረጋግተው ይራባሉ። ጥሩ የኤምቢአር ጣቢያ ብዙ ሰው የሚያደንቀው በውሃው ጥራት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው አሞኒያው ስንት እንደሆነ ነው።

ሜምብሬኑ ምን ይመስላል?

በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክር ሲሆን ውስጡ ክፍት ነው፤ ቀጭን ፓስታ ይመስላል። በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች ላይና ታች ታስረው በብረት ማቀፊያ ውስጥ ይቆማሉ። ሌላው ዝርግ ነው። በፕላስቲክ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ሜምብሬን ተለጥፎ ሰሌዳዎቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ከሴራሚክ የሚሠሩም አሉ፤ ጠንካራ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። ክሮቹ በብዛት የሚሠሩት ፒቪዲኤፍ ከሚባል ፕላስቲክ ነው።

ቀዳዳው እንደ አምራቹ ከ0.03 እስከ 0.4 ማይክሮን ገደማ ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ውፍረቱ አንድ ማይክሮን ያህል ስለሆነ በዚያ ቀዳዳ የሚያልፍበት መንገድ የለም። ፓምፑ ከውስጥ በኩል በቀስታ ይስባል። ውሃው ከውጭ ወደ ውስጥ ያልፋል፣ ዝቃጩ ውጭ ይቀራል።

መቼ ተጀመረ?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዶር ኦሊቨር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሜምብሬንን ከባክቴሪያ ገንዳ ጋር አጣምሮ ማቅረብ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሜምብሬኑ ከገንዳው ውጭ ስለነበር ዝቃጩን በኃይለኛ ፓምፕ በሜምብሬኑ ላይ ማዞር ግድ ነበር። ይህ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይጨርሳል። መንገዱን የቀየረው ካዙኦ ያማሞቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ጃፓን ውስጥ ያቀረቡት ሐሳብ ነው፦ ሜምብሬኑን እዚያው ዝቃጭ ውስጥ ማጥለቅና በትንሽ ኃይል መሳብ። ከዚያ በኋላ የጃፓኑ ኩቦታ በዝርጉ፣ የካናዳው ዜኖን በክሩ ሜምብሬን ገበያውን ከፈቱት።

ዛሬ በትልቅነታቸው ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ስቶክሆልም ውስጥ ያለው ሄንሪክስዳል ነው። ጣቢያው በዓለት ውስጥ ተፈልፍሎ የተሠራ ስለሆነ ማስፋት ከባድ ነው። ኤምቢአር የተመረጠውም በነበረው ቦታ ብዙ ውሃ በተሻለ ጥራት ለማጣራት ነው። በቀን እስከ 864,000 ሜትር ኪዩብ የሚደርስ ፍሰት እንዲችል ነው የታቀደው።

የሚወጣው ውሃ ምን ያህል ንጹሕ ነው? መጠጣትስ ይቻላል?

ለዓይን ኩልል ያለ ነው። በአግባቡ በሚሠራ ጣቢያ ቢኦዲው (ባክቴሪያ የሚበላው ቆሻሻ መለኪያ) በሊትር ከ5 ሚሊግራም በታች ይሆናል። ተንሳፋፊ ደቃቅ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ድፍርስነቱም ከ1 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) በታች ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ0.2ም ያንሳል።

አይጠጣም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብርጭቆ ውስጥ ሲታይ ያሳስታል። ከቫይረሶች አንዳንዶቹ 0.03 ማይክሮን ያህል ናቸው። ብዙዎቹ ዝቃጩ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ጨው ሙሉ በሙሉ ያልፋል። ከመድኃኒት ቅሪት የተወሰነው ብቻ ይቀንሳል። በዩቪ መብራት ወይም በክሎሪን ከታከመ በኋላ ግን ለመጸዳጃ ቤት ማጠቢያ፣ ለአትክልት፣ ለማቀዝቀዣ ማማ ደህና አድርጎ ያገለግላል። ጨውን ጭምር ወደሚያስቀረው ማጣሪያ፣ ወደ ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ለሚገባ ውሃም ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ከባድ ነው።

ናይትሮጅንና ፎስፈረስንስ ያስወግዳል?

ዲዛይኑ ካሰበበት፣ አዎ። ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለመቀየር አየር የማይነፋበት ክፍል ያስፈልጋል፤ ዝቃጩም ወደዚያ ተመልሶ መዞር አለበት። ለፎስፈረስ ብዙ ጊዜ የብረት ወይም የአልሙኒየም ጨው ይጨመራል።

ወንፊት ላይ ይህን ያህል ለምን ትጨነቃላችሁ?

ምክንያቱ ፀጉር ነው።

የአንድ ሰው ፀጉር ውፍረቱ ሰባ ማይክሮን አካባቢ ነው፣ ርዝመቱ ግን ብዙ ሴንቲሜትር። ዘንግ በዘንግ በተሠራ ወንፊት በቁመቱ ሾልኮ ያልፋል። ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ አየሩ ያዞረዋል። ሌላ ፀጉር ያገኛል። ከእርጥብ መጥረጊያ የተላቀቀ ክር ያገኛል። እየተጠማዘዘ ገመድ ይሆናል። ይህ ገመድ የሜምብሬኑን ክሮች ከላይኛው ጫፍ ላይ አንቆ ይይዛል፣ ዝቃጭም ይጠራቀምበታል። ሞጁሉ፣ ማለትም ክሮቹ የታሰሩበት ማቀፊያ፣ በክሬን ወጥቶ ሲታይ የክሮቹ ጫፍ የሴት ሹሩባ የሚያህል ጥቁር ጉንጉን ታስሮበት ይገኛል። ያንን በኬሚካል ማስለቀቅ አይቻልም። በእጅ፣ በትዕግሥት፣ ክሩን ሳይቆርጡ መፍታት ነው።

ስለዚህ ለክር ሜምብሬን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ለዝርግ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት ይደረጋል። ቀዳዳው ክብ ይሁን፤ ረጅም ስንጥቅ ፀጉርን አያቆምም። ቢቻል ሁለት ወንፊት ይኑር፤ አንዱ ሲጠገን ሌላው ይሠራል። ወንፊቱን ዘሎ ወደ ገንዳ የሚወስድ መተላለፊያ ከነአካቴው መኖር የለበትም። «ለአንድ ሌሊት ብቻ» ተብሎ የተከፈተ መተላለፊያ ዓመት የሚዘልቅ ጉዳት ያመጣል። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ወንፊቱ መሆኑ ያሳዝነኛል። ያልተጣራው ነገር ሁሉ የጣቢያው ውድ ዕቃ ላይ ነው የሚያርፈው።

ቅባትም እንዲሁ ነው። ከወጥ ቤት የሚመጣ ፍሳሽ መጀመሪያ በቅባት መያዣ ማለፍ አለበት፣ መያዣውም በየጊዜው መጠረግ አለበት። ሞልቶ የተረሳ ቅባት መያዣ ጨርሶ ካለመኖሩ አይሻልም።

ሜምብሬን ለምን ይደፈናል?

መደፈኑ አይቀርም። ጥያቄው በምን ፍጥነት ነው የሚለው ነው። ባክቴሪያዎች እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ሙጫ መሰል ነገር ያመነጫሉ። ያ ሙጫ ሜምብሬኑ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ቀዳዳዎቹንም ያጠባል። ውሃው ካልሲየም ከበዛበት ደግሞ የኖራ ዓይነት ቅርፊት ይጋገርበታል።

ይህን ለማዘግየት ከሜምብሬኑ ሥር ትልልቅ የአየር አረፋ ይለቀቃል። አረፋው ሽቅብ ሲወጣ ክሮቹን እያንቀጠቀጠ ይጠርጋቸዋል። ፓምፑም ያለ ዕረፍት አይስብም። ለምሳሌ ዘጠኝ ደቂቃ ስቦ አንድ ደቂቃ ያርፋል፤ ወይም በዚያች ደቂቃ ንጹሕ ውሃ ወደኋላ ይገፋል። አንድ ካሬ ሜትር ሜምብሬን በሰዓት እንዲሰጥ የሚጠየቀው ከ15 እስከ 25 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲታለብ ለጥቂት ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ ይቆልፋል።

የሜምብሬኑ ጤና የሚነበበው በግፊት ነው። በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ጣቢያው ጤነኛ ሲሆን ከ0.1 እስከ 0.3 ባር አካባቢ ይቆያል። ኦፕሬተሩ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ፍሰት ይመዝግበው። በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ከጨመረ የተለመደ ነው፤ አጠባ ይፈልጋል። በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ዘሎ ከወጣ ግን አጠባ ላይ አትቸኩሉ። የጥረጋው አየር ተቋርጦ ይሆናል። የአንዱ ሞጁል የአየር ቀዳዳ በደረቀ ዝቃጭ ተዘግቶ ሊሆንም ይችላል። ከላይ ቆሞ ገንዳውን ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል። አረፋው በሁሉም ቦታ እኩል ይፈላል ወይስ አንድ ጥግ ጸጥ ብሏል? ጸጥ ያለው ጥግ ሥር ያለው ሜምብሬን በዝቃጭ እየተቀበረ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ዝቃጩም ከ15,000 ሚሊግራም በሊትር በላይ እንዲወፍር አይፈቀድለት። ይወፍርና አየር በደንብ አይሟሟበትም፣ በክሮቹ መካከልም ይጋገራል። «ዝቃጭ በበዛ ቁጥር ማጣራቱ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ጣቢያ አበላሽቷል።

አጠባው በምን ይደረጋል?

በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በረኪና ነው፣ ማለትም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፤ የባክቴሪያውን ሙጫ ያጠፋል። ሁለተኛው ሲትሪክ አሲድ ነው፤ የማዕድኑን ቅርፊት ያሟሟል። ቀለል ያለው አጠባ ብዙ ቦታ በሳምንት አንዴ ይደረጋል። ሜምብሬኑን ለሰዓታት የሚዘፈዝፈው ከባዱ አጠባ ደግሞ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ። መጠኑ የአምራቹን መመሪያ ይከተል፤ ከሌላ ጣቢያ አይቀዳ።

አንድ ነገር በቀይ ይጻፍ፦ በረኪናና አሲድ በፍጹም አይገናኙ። ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ጋዙም ይገድላል። ቧንቧውም ሆነ ገንዳው ከአንዱ ወደ ሌላው ከመታለፉ በፊት በውሃ በደንብ ይታጠብ። ሁለቱ በርሜሎች በአንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡ፤ ማዳረሻ ቱቦና ባልዲም አይጋሩ።

ኤሌክትሪክ ምን ያህል ይወስዳል?

ከተለመደው ይበልጣል። ለአንድ ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ የተለመደው ጣቢያ ከ0.3 እስከ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በደንብ የሚመራ ኤምቢአር ከ0.6 እስከ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ትንሽ ወይም ከአቅሙ በታች የሚሠራ ጣቢያ ከዚህም ያልፋል። ልዩነቱን የሚበላው ሜምብሬኑን የሚጠርገው አየር ነው። ውሃ ሲቀንስ አየር የሚነፋው ማሽን፣ ብሎወሩም፣ እንዲቀንስ ካልተደረገ ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ ይነፋል። ፍሰቱ ዝቅ ሲል አንዱን የሜምብሬን መስመር ማሳረፍ ቀላል ቁጠባ ነው።

መብራት ቢጠፋስ?

ገንዳው ውስጥ ብዙ ሕይወት ስላለ ኦክስጅኑ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ጥቂት ሰዓት ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ይቋቋማሉ። ከረዘመ ይሸታል፣ ማገገምም ጊዜ ይወስዳል። ቢያንስ ብሎወሩን የሚችል ጄኔሬተር ይኑር። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ አየሩ ይከፈት፤ ዝቃጩ ከታች ተነሥቶ እስኪቀላቀል ይጠበቅ። ፓምፑ መሳብ ያለበት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው የተጋገረ ዝቃጭ ሜምብሬኑ ላይ ይለጥፋል።

በጥገና ጊዜ ገንዳው ባዶ ከሆነም ሜምብሬኑ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። አንዴ ከደረቀ ቀዳዳዎቹ ውሃ አሳልፈን አንሰጥም ይላሉ።

ዝናብ ሲመጣ ወይም ፍሰቱ በድንገት ሲበዛ ምን ይሆናል?

ይህ ትክክለኛ ድክመቱ ነው። ማዝቀጫ ገንዳ ለጥቂት ሰዓት ቢጨናነቅም ጥራቱ ወረድ ብሎ ያሳልፋል። ሜምብሬን ግን ከልኩ በላይ አያሳልፍም፤ ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ ከፊት ለፊት ትርፉን የሚይዝ ማመጣጠኛ ገንዳ ያስፈልጋል። ጠዋትና ማታ ብቻ ብዙ ውሃ ለሚመጣበት ሕንፃ ይህ ገንዳ የግድ ነው።

አረፋ ሲወጣ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጭና ቀላል አረፋ ቢታይ አትደንግጡ፤ ባክቴሪያዎቹ ሲበዙ ይጠፋል። ቡናማና ወፍራም ከሆነ ክር መሰል ባክቴሪያ በዝቷል ወይም ቅባት እየገባ ነው ማለት ነው። አረፋውን ከላይ ሰብስቦ ማስወገድ፣ ዝቃጩን መቀነስ ይሻላል። ከሱቅ የተገዛ አረፋ ማጥፊያ ዝም ብላችሁ አትጨምሩ። ሲሊኮን ያለባቸው ማጥፊያዎች ሜምብሬኑን ይደፍናሉ።

ዝቃጩ የት ይሄዳል?

ከተለመደው ትንሽ ያነሰ ይወጣል፣ ግን ይወጣል። «ዝቃጭ የማያወጣ ኤምቢአር» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥያቄ አብዙ። በየጊዜው ተቀንሶ፣ ውሃው ተጨምቆ በሥርዓት መወገድ አለበት። ከመጭመቂያው የሚመለሰው ውሃ ውስጥ የተረፈ ፖሊመር (ዝቃጩን ለመጭመቅ የሚጨመር ኬሚካል) ሜምብሬኑን ስለሚደፍን መጠኑ ይጠበቅ።

ሜምብሬኑ ስንት ዓመት ያገለግላል?

በደንብ ከተያዘ 10 ዓመት ገደማ፤ ከዚያ በላይ የሄዱም አሉ። ዕድሜውን የሚያሳጥሩት ከልክ ያለፈ የበረኪና አጠባ፣ በስለታም ነገር መቀደድና መድረቅ ናቸው።

ለማን ይሆናል? ለማንስ አይሆንም?

ቦታ ለጠበበው፣ ውሃውን መልሶ ለሚጠቀም፣ ወይም ጥብቅ መስፈርት ለተጣለበት ይሆናል። ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ትልቅ መኖሪያ ሕንፃ፣ ፋብሪካ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። ሰፊ መሬት ካለና ውሃው መልሶ የማይፈለግ ከሆነ ግን በኩሬ ወይም በሰው ሠራሽ ረግረግ ማጣራት ርካሽ ነው፣ ለማስተዳደርም ይቀላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየቀኑ የሚከታተለው የሠለጠነ ሰው ከሌለ ኤምቢአር አይተከል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ችላ የሚሉትን ግን አይታገሥም።

ሜምብሬኑ መቀደዱን በምን እናውቃለን?

በሚወጣው ውሃ ድፍርስነት ነው። ለዚህ በእያንዳንዱ መስመር መውጫ ላይ ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ይቀመጣል። ቁጥሩ በድንገት ከፍ ካለ መስመሮቹን አንድ በአንድ ዘግቶ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። ከዚያ ሞጁሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ከውስጥ አነስተኛ የአየር ግፊት ይሰጠዋል። አረፋ የሚወጣበት ክር ተቀዷል። ያ ክር ተቆርጦ ጫፉ በማጣበቂያ ይደፈናል። ከሺዎቹ ክሮች ጥቂቶቹ ቢደፈኑ ሞጁሉ ሥራውን ይቀጥላል።